አንገር ላይ የቆመው ባቡር

እታገኝ የወረቀቶቹን ጠርዝ ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርጋ አስተካከለች። ስቴፕለሩን ጫነችው። አንዱን ጥራዝ ጎን አስቀምጣ ሌላውን አነሳች።

ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ናት። ነቀምቴ ረቡዕ ጠዋት። መብራት አለ። መብራት ስላለ ሰው ሁሉ ይጣደፋል።

«ያ ባቡርሽ ነገም ይነሳል?» አለች የቤቱ ባለቤት ድርቤ፣ ከምታባዛው መታወቂያ ላይ ቀና ሳትል።

«ሐሙስ መቼ ቀርቶ ያውቃል?»

«ወይ ጉድ! እዚህ አገር አስፋልቱ እንኳ ክረምት ሲመጣ ጥሎን ይሄዳል። ባቡሩ ግን በወረቀት ይመጣል።»

እታገኝ ሳቀች። ሳቁን ተለማምዳዋለች። ስሙንም እንደዚሁ። ለላኳት ሰዎች እሷ «ክር» ናት።

ከስምንት ወር በፊት ጊምቢ አጠገብ አንድ ወርቅ አሻጋሪ ተይዞ ነበር። ኪሱ ሲፈተሽ አራት ገጽ የፎቶ ኮፒ ልብ ወለድ ተገኘበት። በልብ ወለዱ ውስጥ አንድ ባቡር ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ጊምቢ ይደርሳል። ሰውየው የተያዘው ጊምቢ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ሰዓቱ ሰባት።

ስለዚህ ሠራተኞቹ «ቤቱ» ከሚሉት የስለላ መሥሪያ ቤት አንዲት ጸሐፊ ወደ ነቀምቴ ተላከች። ልብ ወለዱ የሚተየበው ድርቤ ቤት ነበርና።

በሩ ላይ የሰው ጥላ ወደቀ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ፣ ቀጭን፣ ሰባ የሞላቸው ሽማግሌ። በብብታቸው በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር አለ።

«አከም ጅርተ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉ፤ ደህና ነሽ ልጄ እንደማለት።

«ነጋዳ፣ በርሲሳ። እርስዎስ ደህና አደሩ?»

በርሲሳ ያደታ። በርሲሳ ማለት መምህር ነው፤ ከተማው ሌላ ስም አልሰጣቸውም። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ ባቡር መጻፍ ጀመሩ። በሕይወታቸው ባቡር አይተው አያውቁም። ባቡራቸው ከነቀምቴ ተነስቶ የወለጋን ከተሞች ሁሉ ያዳርሳል። እንደ አገሩ አውቶቡስ ረዳት አለው፤ ሳይሞላ አይነሳም፤ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ቆሞ ይጸልያል። አንደኛው ፉርጎ ውስጥ ሦስት ዓመት ያላለቀ ሠርግ አለ። ሌላው ፉርጎ መታወቂያቸው የጠፋባቸው ሰዎች ብቻ የሚሳፈሩበት ነው። ትኬቱም ገንዘብ አይደለም። ተሳፋሪ ሁሉ ለረዳቱ አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ይከፍላል።

ሐሙስ ሐሙስ አንድ ምዕራፍ በሃያ ኮፒ ይባዛል። የአውቶቡስ ረዳቱ ጋሮማ ፖስታውን ይወስድና በየከተማው ላሉ ሃያ አንባቢዎች ያድላል። ሃያ አንደኛው ኮፒ የበርሲሳ ነው።

«ሰኞ አርጆ ዋልኩ» አሉ፣ ደብተሩን ከፌስታሉ እያወጡ። «ባቡሩ የሚቆምበትን ቦታ ቆሜ አየሁት። ሣሩ ጥሩ ነው።»

«ሀዲድ በሌለበት ምኑን ያዩታል?» አለች ድርቤ።

«ባቡሩን ፈጥሬዋለሁ፤ አገሩን ግን አልፈጠርኩትም። ያላየሁትን ጣቢያ አልጽፍም።» ወደ እታገኝ ዞሩ። «አንቺስ? ብትሳፈሪ ለረዳቱ ምን ትከፍያለሽ?»

አፏን ከፈተች። ስንት ውሸት ተዘጋጅቶ ነበር። ለዚህ የሚሆን አልነበረም።

«በእግሬ እሄዳለሁ፣ በርሲሳ።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሲሄዱ ደብተሩን ትተውላት ሄዱ።

መተየብ ጀመረች። ባቡሩ ዓርብ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ አርጆ ይደርሳል። አንድ ሰው ይወርድና መንኮራኩሮቹን በመዶሻ እየመታ ያዳምጣል። ለምን ቢሉት እንዲህ ይላል፦ «የተሰነጠቀ ብረት እንደ ተሰነጠቀ ማሰሮ ነው፤ ድምፁ ይከዳዋል።»

እጇ ቁልፎቹ ላይ ቆመ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ሰምታዋለች። ከንባብ አይደለም፤ ከሰው አፍ።

አለቃዋ ነው። «ሐኪሙ»። ሥራ ባስጀመራት ቀን ስለ ራሱ የነገራት ነገር ይህ ብቻ ነበር። «አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ መንኮራኩር በመዶሻ ሲመታ ነበር የሚውለው። የተሰነጠቀ ብረት እንደ ተሰነጠቀ ማሰሮ ነው፤ ድምፁ ይከዳዋል። አንቺም ሰው ስታዳምጪ እንደዚያ አዳምጪ።»

ደብተሩን ገለበጠችው። በርሲሳ እንደ ዕልባት የሚጠቀሙበት ደብዳቤ ከመሐል ወደቀ። ከአዲስ አበባ በፖስታ የመጣ ነው። «አንድ ተሳፋሪ» ይላል ፊርማው። ደራሲውን ያመሰግናል። ስለ መዶሻው ይነግራል። ከዚያ በትሕትና ይለምናል፤ ባቡሩ አርጆ የሚደርሰው ዓርብ አራት ሰዓት ቢሆን ታሪኩ ያምርበታል፤ ይህ ደግሞ የሚለምነው የመጨረሻው ነው።

ምዕራፎቹ ለወርቁ ተሸካሚዎች ቦታና ሰዓት ይነግራሉ። በርሲሳ አያውቁም። የሚያስጽፋቸው ሐኪሙ ነው።

እሷንም እዚህ ያስቀመጣት እሱ ነው።

ደብዳቤውን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ወደ ነበረበት መለሰችው።

*

ከሐኪሙ ጋር የሚገናኙት መናኸሪያ ውስጥ፣ የጊምቢ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ተሳፋሪ ጎን ለጎን ተቀምጦ ቢያወራ የሚያይ የለም። ሊሞላ ሲል አንዱ ዕቃ እንደረሳ ሆኖ ይወርዳል።

ሐኪሙ የቡና ነጋዴ ይመስላል። ቆሎ ይቆረጥማል።

«ምዕራፉ?»

«አርጆ። ዓርብ አራት ሰዓት።»

«ነገ እንደተለመደው ይውጣ። እንዳትነኪው።»

«ዓርብ እንይዛቸዋለን?»

«እናያቸዋለን። አንነካቸውም። ቅዳሜ ሽማግሌውን እናነሳለን።»

«ወደ አዲስ አበባ?»

ቆሎውን ቆረጠመ። «መንገዱ ሩቅ ነው። ሰውየው አርጅቷል። ልቡ ላይችለው ይችላል።»

«ጊምቢ! ጊምቢ! አንድ ሰው የቀረው!» ይጮኻል ረዳቱ ከውጭ። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ስድስት ሰዎች ናቸው።

«ሪፖርትሽ ላይ የቡድኑ ዋና እሱ ነው ብለሽ ጻፊ» አለ ሐኪሙ። «አንቺ ከጻፍሽው ያምናሉ። ንጹሕ ነሽ።»

«እሺ።»

ድምፁን አዳመጠችው። ስንጥቅ አልነበረውም። እንዲህ ዓይነቱን ብረት መዶሻም አያገኘው።

ከሚኒባሱ ወርዳ ካርድ ከምትሸጥ ሴት ስልክ ተዋሰች። እያንዳንዱ ሰላይ በቃሉ የሚይዘው አንድ ቁጥር አለ፤ አለቃው ሲሞት ብቻ የሚደወል። ሐኪሙ አልሞተም። ደወለች።

ያነሳችው በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። በቤቱ «እትዬ» ይሏታል።

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ሐኪሙ ከዳተኛ ነው፤ ዓርብ አርጆ ላይ ወርቅ ያሻግራል።»

«ማስረጃ?»

«ደብዳቤና መዶሻ።»

«ምን አልሽኝ?»

«ፋይሉን ይክፈቱት፣ እትዬ። አባቱ ድሬዳዋ ምን ይሠሩ ነበር?»

ወረቀት ተገለጠ። «መንኮራኩር መርማሪ» ብላ አነበበች።

«አርጆ ያለው ሰው ሁሉ የእሱ ነው» አለች እትዬ በመጨረሻ። «የኔ ሰዎች በሰሜን በኩል ናቸው። ተሸካሚዎቹ ወደ ሰሜን መምጣት አለባቸው።»

«ይመጣሉ። አንገር ድልድይ።»

«ቦታውን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

ተወልዳበታለች። ወላጆቿ ከወሎ በሠፈራ መጥተው አንገር ጉቲን ቆላ የሠፈሩ ናቸው። ይህ ፋይሏ ላይ አለ፤ ለሰው ግን ተናግራው አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ድርቤ ሳትመጣ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። ከሃያዎቹ አንባቢዎች የትኛው የወርቁ ሰው እንደሆነ አታውቅም። ስለዚህ ሃያውንም መቀየር አለባት። «አርጆ» የሚለውን አጥፍታ «አንገር ድልድይ» ብላ ጻፈች። የአርጆው ሣር ግን ለድልድይ አይሆንም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል።

ጻፈቻቸው። ድልድዩን ሳይሻገሩ በስተግራ፣ ግንዱ ለሁለት የተከፈለ ዋርካ አለ። ከስንጥቁ ውስጥ የገባ ልጅ ከውጭ አይታይም፤ ወንዙን ግን ይሰማል።

አነበበችው። ጥሩ ነበር። መጥፎ አድርጋ ብትጽፈው ይሻል ነበር፤ ይህን ግን ያኔ አላወቀችም።

ሃያ ኮፒ በአንገር። አንድ ኮፒ፣ የበርሲሳ፣ በአርጆ።

ጋሮማ ፖስታውን ወሰደ።

*

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ እታገኝ ከፖስታ ቤት ተመለሰች። ስልኳ ላይ ከእትዬ የመጣ፣ የላኪው ቁጥር የማይታይ አንድ መስመር ነበር። «ክሩ ገብቷል።» ተሸካሚዎቹ አራት ሰዓት ላይ ድልድዩ አጠገብ ከነወርቃቸው ተይዘዋል ማለት ነው። እንደ ዕቅዱም አንዱ ሐኪሙ ዘንድ እንዲደውል ተደርጓል። «አንገር ነን፤ ምዕራፉ አንገር ይላል» ብሏል። ሐኪሙ አርጆ ላይ ብቻውን ቆሞ ነበር። ወርቁን ጥሎ አይቀርም። ይመጣል።

«በርሲሳ መጥተው ነበር» አለች ድርቤ።

«መቼ?»

«አንቺ እንደወጣሽ። ምን ጉድ ነው የሠራሽው? ከአንገር ጉቲን ወንድምአገኝ የሚባል አንባቢ፣ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ጠዋት ደውሎላቸዋል። ‹በርሲሳ፣ የኛን ዋርካ በየት በኩል አወቁት? እኔም ልጅ ሆኜ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነበር የምደበቀው› ብሎ አለቀሰባቸው።»



«የሚቆጡሽ መስሎኝ ነበር» አለች ድርቤ። «እሳቸው ሳቁ እንጂ! ‹ልጄ ጣቢያ ጨመረችልኝ። ደግሞ ከኔ አሳምራ ነው የጻፈችው። ግን ያላየሁትን ጣቢያ ከስሜ ሥር አልተውም› ብለው ሄዱ።»

«የት?»

«የት ይሆናል? አንገር ነዋ።»

ወጣች።

ቦርሳዋን አልያዘችም፤ ስልኳና መታወቂያዋ ኪሷ ውስጥ ነበሩ።

ወደ ሰሜን የሚሄድ አንድ አይሱዙ ከሹፌሩ ጎን ቦታ ነበረው። በየኬላው ቆመ። በየኬላው መታወቂያዋን አሳየች። ለእትዬ ደወለች፤ ቁጥሩ አይሠራም። አንዴ ከተደወለበት በኋላ እንደሚዘጋ ነግረዋት ነበር። ሹፌሩ ስለ በቆሎ ያወራል። «አዎ» ትላለች። «አዎ።» መንገዱ ወደ ቆላው ሲወርድ ሙቀቱ ጆሮዋን ደፈነው።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ድልድዩ ታየ።

የተሸካሚዎቹ መኪና ጎማው ወልቆ ዳር ላይ ቆሟል። ማጥመጃ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ አራት ወዛደሮች የበቆሎ ጆንያ ይጭናሉ። በጣም ቀስ ብለው ይጭናሉ። መኪና የሚጠብቁ ሴቶች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

በርሲሳ ድልድዩ ላይ ናቸው። ደብተራቸውን የድልድዩ ግንብ ላይ አስደግፈው ይጽፋሉ። ባርኔጣቸውን አድርገዋል።

ወርዳ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ከወዛደሮቹ አንዱ ክንዷን ያዛት። እጁ የወዛደር እጅ አልነበረም።

«ከሴቶቹ ጋር ተቀመጪ፣ ክር።»

«ሽማግሌው ከነሱ አይደሉም። አስወጧቸው።»

«ሐኪሙ ሁለተኛውን ኬላ አልፏል። አሁን የተንቀሳቀሰ ሁሉ ያስበረግገዋል።»

«አንድ ደቂቃ ብቻ —»

«ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።

ነጭ መኪና መጣ። ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። ሐኪሙ ወረደ። ጎማው የወለቀውን መኪና አየ። ከዚያ ድልድዩ ላይ የቆመውን ሽማግሌ አየ። ደብተሩን አየ።

ወደ መኪናው አልሄደም።

ወደ በርሲሳ ሄደ።

ወንዙ ጎድሏል። ድምፅ በደንብ ይሰማል።

«በርሲሳ ያደታ?»

«ነኝ። ጌታዬ፣ አንባቢ ነዎት?» ደስታ ነበረው ድምፃቸው።

«ጣቢያውን ማነው የቀየረው?»

ሽማግሌው የሰውየውን ፊት አዩ። ቀኝ እጁ ኮቱ ውስጥ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው የተቆጣ ፊት ያውቃል። ዓይናቸውን አነሱ። ጥላው ሥር የተቀመጡትን ሴቶች አንድ በአንድ አዩ። እታገኝ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል።

ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ወንዙ መለሱ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ድርሰቱ የኔ ነው። ጣቢያውም የኔ ነው።»

አንድ ተኩስ።

ወዛደሮቹ ጆንያውን ጥለው ሮጡ። ሐኪሙን አስፋልቱ ላይ ጣሉት። ሁለተኛ ጥይት አልተተኮሰም። ሴቶቹ ጮኹ፤ እታገኝም ጮኸች፤ ያልጮኸች ሴት ትታያለችና። ከጩኸቷ ውስጥ የትኛው የራሷ እንደነበረ እስካሁን አትለየውም።

ሐኪሙን በካቴና አስረው ሲያሳልፉት ዓይኑ ዓይኗ ላይ ዐረፈ። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እንደ ማንኛውም ደንጋጭ ሴት።

አለፈ።

በርሲሳ ዋርካውን አይተውት እንደሆነ አላወቀችም።

*

ማክሰኞ ቀብሩ አልቆ ነበር። ድርቤ ዓይኗ አብጦ ሱቁን ከፈተች። ከተማው ሽማግሌውን የገደላቸው ያልታወቀ ሽፍታ ነው ይላል። እታገኝ እናቷ ታመው ወደ ባኮ እንደምትሄድ ተናግራለች። ባኮ እናት የላትም። አዲስ አበባ ላይ አዲስ ስም ይጠብቃታል።

«ሰው ሲለመድ ነው የሚሄደው» አለች ድርቤ። «ያቺን የመጨረሻዋን ግን ጽፈሽላቸው ሂጂ። ጋሮማ ሃያው ሰው በየቀኑ ይደውልልኛል ይላል።»

«እጽፋታለሁ።»

ቤቱ ደብተሩን ለአንድ ቀን ብቻ ነበር የፈቀደላት። ነገ ወደ ማስረጃ ክፍል ይገባል። የመጨረሻው ገጽ ግማሽ ነው። ጽሑፉ እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ የመምህር ጽሑፍ ነው።

ተየበችው።

ባቡሩ አንገር ላይ ቆመ። ዋርካው በስተግራ ነው፤ እንደተባለውም ለሁለት ተከፍሏል። ውስጡ ገብቼ ነበር። ወንዙ ይሰማል። እዚህ ጣቢያ የወረደ የለም። አንዲት ሴት ብቻ ተሳፈረች። ይህችን ሴት ከዚህ በፊት በየፉርጎው አይቻታለሁ፤ ሁልጊዜ ቆማ ነበር የምትሄደው። ረዳቱ ትኬት ጠየቃት። እሷም እንዲህ አለች፦ «

ከዚህ በኋላ ወረቀቱ ባዶ ነው።

ነጭ መኪናው የመጣው እዚህ ላይ ይሆናል። ወይም ደግሞ ሽማግሌው አስበው ነው የተዉት። ያላዩትን አይጽፉም ነበር።

ድርቤ ከውጭ ከአንድ ደንበኛ ጋር ትከራከራለች። መብራቱ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። እታገኝ ጣቷን ቁልፎቹ ላይ እንደያዘች ቆየች። ሃያ አንባቢ ያነበዋል። ከሃያው አንዱ የታሰረ ሰው ወንድም ሊሆን ይችላል። ቤቱ ቢሰማ ሁለተኛ ሥራ አይሰጣትም።

ጻፈች።

«አንገር ነው የተወለድኩት፤ ጣቢያውንም የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

ረዳቱ ምን እንዳለ አልጨመረችም። ያ የእሷ አልነበረም።

ሃያ አንድ ኮፒ አወጣች። የወረቀቶቹን ጠርዝ ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርጋ አስተካከለች። ስቴፕለሩን ጫነችው። ሃያውን ፖስታ ውስጥ ከትታ «ጋሮማ» ብላ ጻፈችበት። ሃያ አንደኛውን የበርሲሳ ኮፒ ሁልጊዜ በሚጠብቅበት መደርደሪያ ላይ፣ ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጋ፣ አስቀመጠችው።